ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት የሰርግ ፎቶ አንሺዎቹን አንገት እዩ

"ምን ካሜራ ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ ጥምቀት ሲቃረብ ይበዛብኛል። ከውጭ ዘመድ የሚመጣለትም አለ፤ "ምን ላምጣልህ?" ሲባል ሮጦ ወደ እኔ ነው። ጠያቂዎቼ ዩቲዩብ ላይ ሲያመሹ የከረሙ ናቸው። የሶኒውን ፎከስ፣ የፉጂውን ከለር፣ የካኖኑን ቪዲዮ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ችግሩ ኪስ ነው።

እኔ ራሴ በፎቶ አልተዳደርም። ከሥራ በኋላና በበዓል የማነሳ፣ ሰርግ ስጠራም ካሜራዬን አንግቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ስለዚህ ምክሬ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። አጭር ነው። ካሜራውን ከዩቲዩብ ሳይሆን ከከተማችሁ ምረጡ። በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ሙሽሮች ፎቶ ወደሚነሱበት ብቅ በሉና የፎቶ አንሺዎቹን አንገት እዩ። ምን ተንጠልጥሏል? ብዙዎቹ ላይ ያያችሁት ስም የእናንተም ካሜራ እሱ ነው። እኔ ጎንደር ውስጥ የማየው በአብዛኛው ካኖን ነው። ስለዚህ እዚህ ለሚኖርና ብሩ ለተቆጠረ ሰው ካኖን እላለሁ። ነገ ኒኮን በዝቶ ካየሁ ኒኮን እላለሁ። ለስሙ ፍቅር የለኝም።

እንዲህ ስል የሚናደድ አይጠፋም። "ሰው ስለያዘው ነው እንዴ የምገዛው?" አዎ፣ ሰው ስለያዘው ነው።

አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከነጉልበቱ ተመለሰና የካኖን 600ዲ ካሜራዬን ቻርጀር አቃጠለብኝ። በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ ሰውዬ ጋ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ የስድስት መቶ ዲ ቻርጀር አይኖርዎትም?"

መሳቢያውን ሳብ አደረጉት። የተጠላለፈ ገመድ፣ ባለቤቱ የጠፋ የሌንስ ክዳን፣ ያበጠ ባትሪ፣ ማንም መጥቶ ያልወሰደው የጉርድ ፎቶ። ከዚያ ሁሉ መሃል ሦስት ቻርጀር መዘው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩልኝ። አንዱ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"የትኛውን ልስጥህ ልጄ? ይሄኛው ትንሽ ይሞቃል እንጂ ይሠራል።"

የማይሞቀውን ወሰድኩ። ነገሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ኦሊምፐስ የያዘ ጓደኛ አለኝ። ካሜራው ቆንጆ ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሌንሱ ጥርት ያለ ነው፤ ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው የእኔን በብዙ ነገር ያስንቀዋል። ግን ባትሪው ሲደክም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል። ሌላ ሌንስ ልሞክር ቢል የሚያውሰው የለም። ልሽጠው ቢል ደግሞ ገዢው "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ነው የሚጀምረው። ካኖን ቢሆን በቴሌግራም ፎቶውን ለቅቆ ሳይመሽ ስልኩ ይጮህ ነበር።

ዋናው ግን ሌንስ መዋዋስ ነው። ካኖን ኢኤፍ የሚባለውን የሌንስ አገጣጠም ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የተሠራ ኢኤፍ ሌንስ ሁሉ ዛሬ የምትገዙት ርካሽ 600ዲ ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል። የሰርግ ፎቶ አንሺ ወዳጅ ካላችሁ ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሩቁን የሚያቀርቡትን ሌንሶች፣ 85 ሚሊሜትሩን ወይም 70-200ውን፣ "እስኪ ልየው" ብላችሁ መዋስ ትችላላችሁ። ያንን ሌንስ በራሳችሁ ገንዘብ ለመግዛት ስንት ዓመት ቁጠባ እንደሚፈጅ አስቡት። በተቃራኒው ግን አይሠራም። ኢኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበት የእናንተ ሌንስ የእሱ ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቅ የሆነው) ላይ አይገጥምም፤ ስለዚህ ውለታው በሌላ ነገር ይመለስ። ደግሞ ሌንስ ስትመልሱ ክዳኑን አትርሱ። እኔ ያየሁት ኩርፊያ ሁሉ በክዳን የመጣ ነው።

ቆይ ግን፣ መጀመሪያውኑ ካሜራ ያስፈልጋችኋል? በቀን ብርሃን አንስታችሁ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ብቻ የምትለቁ ከሆነ ስልካችሁ ይበቃል። እውነቴን ነው። ፋሲል ግቢን ጠዋት በስልክ ያነሳ ሰው ፎቶውን እዚያው ስልክ ላይ ሲያሳያችሁ ከእኔ ፎቶ አትለዩትም። ልዩነቱ የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ፣ የሚነሳው ነገር ሲሮጥ፣ ወይም ፎቶው ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ነው። ከእነዚህ አንዱ የሚያስቆጫችሁ ከሆነ ወደ ካሜራው እንሂድ።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አብሮ ተሰቅሏል፤ ዛሬ የጻፍኩት ከርሞ መሳቂያ ይሆናል። አከፋፈሉን ግን ልናገር። ካላችሁ ብር ለቦዲው፣ ሌንስ ለሌለው ለካሜራው አካል ማለት ነው፣ ከግማሹ በላይ አታውጡ። የቀረው ለሌንስ፣ ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሜሞሪና ለቦርሳ ነው። ሰው ሁሉ ግን ገንዘቡን ቦዲው ላይ ይጨርስና ከካርቶኑ ጋር በመጣው 18-55 ሌንስ ዕድሜውን ሲያማርር ይኖራል። ለዚህ ነው አዲስ ሳይሆን ያገለገለ ግዙ የምለው። ካኖንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. በ2018 ፉል ፍሬም መስታወት አልባ ካሜራቸውን በአዲስ የሌንስ አገጣጠም ካወጡ በኋላ ልባቸው ወደዚያ ሄዷል። ባለሙያውም ተከትሏቸዋል። ያ ሁሉ የተራገፈ ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ባለ መስታወቱ ካሜራ፣ የእኛ ዕድል ነው።

ሜጋፒክስል አያስጨንቃችሁ። የካኖን 1100ዲ 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ ሰው ይስቅበታል። ግን በጥሩ የሕትመት ጥራት 36 በ24 ሴንቲሜትር ይወጣለታል፤ ከኤ4 ወረቀት ይበልጣል ማለት ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ ስንት አለ?

አሁን ወደ ብርሃን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ወደ ታች ያያሉ፣ እናንተ ወደ ላይ ታያላችሁ። ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ክልክል ነው፤ መከልከሉም ልክ ነው። እዚያ ቆማችሁ 18-55 ሌንሳችሁን 55 ላይ ብታደርሱት የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ድረስ ብቻ ነው (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት ማለት ነው፣ 3200 አድርጋችሁም ካሜራው መዝጊያውን ለሰከንድ 1/6 ልክፈት ብሎ ጠየቃችሁ እንበል። በ1/6 ሰከንድ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዲያቆኑ ይንቀሳቀሳል፣ ፎቶው ጭጋግ ይሆናል። ያንኑ ካሜራ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግጠሙለት። መስኮት በርግዶ እንደ መክፈት ነው፤ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይገባል። 1/6 የነበረው 1/60 ይሆናል። በ1/60 ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ ማንሳት ይቻላል። ካሜራው አልተቀየረም፣ የተቀየረው ሌንሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተጨማሪ ሌንስ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ይሁን። ካኖን በብዛት የሚገኝ ሁለት ዓይነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው አሮጌው ከጀርባው ፕላስቲክ ነው፣ ፎከስ ሲያደርግ ንብ ይመስል ያጉረመርማል፤ ቢሆንም ፎቶው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤስቲኤም መግጠሚያው ብረት ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ እስከ 35 ሴንቲሜትር ድረስ ተጠግቶ ያነሳል። ትንሽ ጨምራችሁ ሁለተኛውን ካገኛችሁ ውሰዱት። ዮንግኑዎ የሚባለው የቻይናው ቅጂም አለ፤ ገንዘቡ እስከዚያ ድረስ ከጠበበ እሱም ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር። 50 ሚሊሜትር በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ጠባብ ነው። ሴንሰራቸው ከፉል ፍሬም ስለሚያንስ በ1.6 ተባዝቶ የ80 ሚሊሜትር ያህል እይታ ነው የሚሰጣችሁ። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው። እናታችሁ ቡና ሲያፈሉ ግን ረከቦቱን፣ እጣኑንና ሰዉን በአንድ ላይ ላስገባ ብትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ በሩን ከፍታችሁ ከውጭ ማንሳት ነው። ለቤት ውስጥ የካኖን 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ይሻላል። ስስ ነች፣ ካሜራው ላይ መኖሯም አይታወቅ። ለፋሲል ቤተ መንግሥትም ከነግንቡ ማማ ለማስገባት ያው 18-55ታችሁን 18 ላይ አድርጉት። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የኪት ሌንስ ጠላት አይደለሁም። ጠዋት ፀሐይ ድንጋዩን ስትመታው ኤፍ 8 ላይ ተደርጎ ማንኛውም ሌንስ ጥርት ይላል።

ቦዲውን በተመለከተ እንግዲህ ስማቸውን ላደበላልቅባችሁ ነው። አንዱ ካሜራ ሦስት ስም አለው። እዚህ 600ዲ የምንለው አሜሪካ ውስጥ ሪብል ቲ3አይ ነው፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ኪስ ኤክስ5። 700ዲ ሪብል ቲ5አይ ነው። 1200ዲ ሪብል ቲ5 ነው፤ "አይ"ዋ የሌለችው። ይቺ "አይ" ቀላል አይደለችም። አክስታችሁ ከዋሽንግተን ስትደውል ቲ5አይ ብላችሁ ቲ5 ይዛ ብትመጣ የሚዞረው ስክሪን የለም። ደግሞ "እትዬ፣ ተሳስተሻል" አይባልም፤ ተመስገን ብሎ መቀበል ነው። ስለዚህ ስሙን በስልክ አትንገሯት። ጽፋችሁ ከነፎቶው ላኩላት።

የሚዞር ስክሪን ለምን? የፋሲል መዋኛ ዙሪያውን በጥምቀት ጠዋት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከፊታችሁ ጥላ፣ ነጠላ፣ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን አለ። ካሜራውን ከጭንቅላት በላይ አንስታችሁ ስክሪኑን ወደ ታች ታጥፉና ታያላችሁ። 600ዲና 700ዲ ይህን ያደርጋሉ፤ በስክሪን ስታነሱ ግን ፎከሳቸው ዘገምተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 70ዲ በዚህ ይበልጣቸዋል። በስክሪንም በቪዲዮም ፎከሱ ፈጣን ነው። ቪዲዮ የምታስቡ ከሆነና ካገኛችሁት እሱን ውሰዱ፣ ለፎቶ ብቻ ከሆነ 700ዲ ይበቃል፣ ብሩ ከጠበበ 600ዲ፣ በጣም ከጠበበ 1200ዲ። 4000ዲ የሚባለውን ግን አዲስ ስለሆነ ብቻ አትግዙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ የሌንሱ መግጠሚያ እንኳ ፕላስቲክ ነው። ካርቶኑ ያብረቀርቃል፤ ያገለገለው 700ዲ ይሻለዋል።

"5ዲ ማርክ 2 በርካሽ አገኘሁ" የሚልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ፉል ፍሬም ነው፣ በዘመኑ ንጉሥ ነበር፣ አሁንም ፎቶው ያምራል። ግን ከባድ ነው፣ ኢኤፍ-ኤስ አይቀበልም፣ ብዙዎቹም በሰርግ ሥራ የደከሙ ናቸው። ሰው ስንት ሺህ ሙሽራ እንዳነሳበት ሳታውቁ አትንኩት።

ይህ ያገለገለ ዕቃ ወደ መፈተሽ ያመጣናል። ቴሌግራም ላይ ሁሉም ዕቃ "ስላይትሊ ዩዝድ" ነው። ለአሥር ዓመት የተደበደበውም ስላይትሊ ነው። ሻጩን ሰው ባለበት ካፌ ቀጥሩት፤ ላፕቶፕ ወይም ካርድ የሚያነብ ስልክ፣ የራሳችሁንም ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ማኪያቶ እዘዙለት። ቸኩያለሁ የሚል ሻጭ ከሆነ ማኪያቶውን ለራሳችሁ ጠጡና ተመለሱ።

እኔ የምጀምረው ከሌንሱ ነው። ከካሜራው አወጣውና የስልኬን መብራት ከኋላው አብርቼ በፊት በኩል ሰያፍ አድርጌ አየዋለሁ። ጥቂት አቧራ የሁሉም ሌንስ ነው፣ ግድ የለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነጭ ነገር ካየሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አልወስድም። ከዚያ ዙሙን ከዳር እስከ ዳር አዞራለሁ፤ አሸዋ እንዳለበት ነገር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አንድ ቀን ወድቋል። ቀጥሎ ካሜራው የእጅ መያዣ ላይ ያለችውን ላስቲክ በአውራ ጣቴ እገፋታለሁ። ከተነሳች ብዙ ላብ ጠጥታለች። የባትሪውን ክፍል ከፍቼ የብረት ጥርሶቹን አያለሁ። አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል ወይም ውኃ ገብቶታል።

ቀጥሎ ኤፍ 22 ላይ አድርጌ በካፌው መስኮት ባዶ ሰማይ አነሳለሁ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ነው። ይህ ይጸዳል፣ ግን ዋጋ መቀነሻ ነው፤ ሳላሳይ አላልፍም። "ወንድም፣ ይቺን ታያታለህ?" እለዋለሁ። ከዚያ ክዳኑን ዘግቼ ረዘም ያለ ጨለማ አነሳለሁ። ቀይና ሰማያዊ ነጥብ በብዛት ከተበተነ ሴንሰሩ አርጅቷል። ፎከሱን ቅርብና ሩቅ ላይ እሞክራለሁ፣ የካሜራውን ፍላሽ አበራለሁ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እጫናለሁ። በመጨረሻ ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፕ ላይ እከፍተዋለሁ። በካሜራው ስክሪን ሁሉም ፎቶ ያምራል።

ሹተር ካውንት የሚባለው ነገር አለ፤ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተመታ ማለት ነው። ኒኮን ይህን ቁጥር ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ አንድ ጄፔግ ብቻ ይበቃችኋል። ካኖን በአብዛኛው አይጽፈውም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ኒኮን ለእነ ዲ7000 መዝጊያ 150 ሺህ ምት ብሎ ነው የሚገምተው። ከዚያ አልፎ የሚሠራ ብዙ አለ፣ ሳይደርስ የሚሞትም አለ። ቁጥሩ የዋጋ መደራደሪያ ነው እንጂ የሞት ቀጠሮ አይደለም።

ሜሞሪም ይፈተሽ። 64 ጊጋ የሚል ተለጥፎበት እውነቱ 8 የሆነ ካርድ ገበያ ላይ ሞልቷል። እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጡበትና መልሳችሁ ክፈቱት። ከፋይሎቹ ግማሹ አልከፈት ካለ ለሰርግ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።

ለኒኮን ፍርድ ላጓድልበት አልፈልግም። በአንድ ነገር ከካኖን ይበልጥ ነበር፤ አሁንም ያገለገለ ሲገዛ ይበልጣል። በጥምቀት እኩለ ቀን ላይ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ነች፣ ፊት ደግሞ በጃንጥላ ጥላ ውስጥ ነው። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ፣ የሰዉ ፊት ጥቁር ጥላ ይሆናል። የብርሃን ማስተካከያውን (ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን) ወደ +1 ጠጋ ማድረግና በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላሳመረው ጥሬ ፋይል፣ ማንሳት መፍትሔ ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ስታነሱት የኒኮን ዲ3300 ወይም ዲ7000 ፋይል ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ የካኖን 600ዲና 700ዲ ግን ጨለማው ውስጥ ዝንጉርጉር ነገር ያሳያሉ። ልዩነቱን አይቼዋለሁ። ቢሆንም 85 ሚሊሜትር የሚያውስ ወዳጅ ለእኔ ከዚህ ይበልጥብኛል። እናንተ ብቻችሁን የምትሠሩና ኮምፒውተር ላይ ማሳመር የምትወዱ ከሆነ ወደ ኒኮን አድሉ፣ አልቀየማችሁም።

ኒኮን ከሆነ ግን በአንድ ነገር ተጠንቀቁ። ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰብ የሆኑት ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። ሻጩ "50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲ በርካሽ" ቢላችሁ ሌንሱ ይገጥማል፣ በራሱ ግን ፎከስ አያደርግም፤ በእጅ ማዞር ነው። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ፈልጉ፤ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲኤክሱ ግሩም ነው። ዲ90 እና ዲ7000 ሞተር ስላላቸው አሮጌውን ሌንስ ይቀበላሉ።

መስታወት አልባ የሚፈልጉም ይጠይቁኛል፤ ብዙ ጊዜ ሶኒ ኤ6000። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ፎከሱ ፈጣን የሆነ፣ ጃኬት ኪስ የሚገባ ካሜራ ነው። ግን ባትሪው በአንድ ሙሊት በፋብሪካው መለኪያ 360 ፎቶ ያህል ነው የሚሄደው። የኒኮን ዲ3500 በተመሳሳይ መለኪያ 1550 ነው። ይህ ልዩነት ቤት ውስጥ ምንም አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ግን ነገር ነው። መንገዱ ሲፈቅድ ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የወጣ ሰው ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ ያውቃል፤ ብርድ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ማታ ባትሪውን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ። ስለ ሌንስም ብዙ አትጨነቁ። ጭላዳ ሰው አይፈራም፤ ሣሩን እየነጨ ጎናችሁ ይቀመጣል፣ በ55 ሚሊሜትር ይነሳል። ዋልያ ግን ጨነቅ አካባቢ ገደሉ ላይ ሆኖ ነው የሚያያችሁ። ለእሱ ርካሹ 55-250 ሌንስ ያስፈልጋል፣ እሱም ከወዳጅ ይዋሳል።

ስለ አያያዝ ሁለት ነገር ብቻ። በበጋ አቧራ ነው፤ ሌንስ ሜዳ ላይ አትቀይሩ፣ ግድ ከሆነ ካሜራውን ወደ ታች ደፍታችሁ ቀይሩ፣ ሴንሰሩን ደግሞ በአፋችሁ እፍ አትበሉት። በክረምት ሻጋታ ነው፤ ካሜራውን የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ቆልፋችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አትርሱት። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉትና ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣል አድርጉበት።

ለጥምቀት ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ በኅዳር ግዙ። ጥር 10 ከተራ ላይ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ አይኤስኦ የት እንዳለ የሚፈለግበት ሰዓት አይደለም። በታኅሣሥ ምሽት ምሽት ፒያሳ ወጥታችሁ በሱቆቹ መብራት፣ በሚያልፈው ባጃጅና ሰው ላይ ተለማመዱ፤ 50ውን ገጥማችሁ፣ ኤፍ 2 ላይ፣ አይኤስኦ 1600። በከተራ ማግስት ጠዋት ጸበሉ ተባርኮ ወጣቶቹ ውኃው ውስጥ ሲዘሉ ደግሞ መዝጊያውን ቢያንስ 1/1000 አድርጉት። ከዚህ ውስጥ የትኛውም ርካሽ ካሜራ ውኃ የሚችል አይደለም። አንድ ፌስታል ሌንሱ በሚወጣበት በኩል ቀዳችሁ አልብሱት፣ በላስቲክ እሰሩት፣ ሁለተኛውን ባትሪ የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ቻርጀር ከጎደላችሁ ፒያሳ ያሉትን ጋሼን ጠይቁ፤ የሚሞቀው አሁንም አለ።